ልጄ የተቀበረበት ስም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለፕራካሳም፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ስውል ያመኛል ብለህ ነበርና ዘይቱን ትቀባዋለህ ወይ? ሙቀቱስ በረታ? በአንድ ክፍል አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደኅና ናቸው? እኛ በሕይወት አለን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም እሄዳለሁ። ልጄ ካሩና ደኅና ናት። ፍየሏ ሁለት ወልዳለች፤ አንዱ ነጭ ነው።

በስልክ ያገኘኸኝ ዕለት «ልጃችንን ያለ ካህን እንዴት ትቀብሪዋለሽ? ውሻ ነው?» ብለህ ዘግተህብኛል። አልተቀየምኩህም። በስልክ አፌ ይተሳሰርብኛል፤ በስልክ የማይነገርም ነገር አለ። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ዮሐኑ ፈቃዱን ጨርሶ እሑድ ወደ ኩዌት ስለሚመለስ፣ በእጁ እንዲሰጥህ ይህን እጽፋለሁ። ከጀመርኩት አምስት ቀኔ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ስትጽፍ ምን ያህል እንደምትፈጥን ታውቃለህ።

ወሬው የደረሰኝ ሐሙስ ቀን ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። በላይ ሰፈሩ ባለመሬት በራጋቫያ እርሻ በርበሬ እንለቅም ነበር። ጎረቤቴ ኔላማ ከመንገዱ ጀምራ እየጮኸች መጣች። «ሱቫርታማ! ልጅሽን ዳናምን ደበደቡት! ወደ ከተማ ሆስፒታል ጭነው ወሰዱት!» አለችኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገርህ። በእጄ የነበረውን በርበሬ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። የከረጢቱን አፍ አሰርኩ። ከዚያ ተነሣሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን በእጄ ብነካው በርበሬው አቃጠለኝ፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። እኔ ግን እያለቀስኩ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከከበሮው ነው። ባለቤቴ ኮታያ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ለመንደሩ ሴት አምላክ ለፖሌራማ በዓል ከበሮ ሲመታ ታስታውሳለህ። ቆዳ ፋቂ የተባልን ስለሆንን የሞተ ከብት ማንሳትም፣ ከበሮ መምታትም የእኛ ዕዳ ነው ይላሉ። ኮታያ ከሞተ በኋላ ዳናም ከበሮውን አወረደና ለገና በዓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መታበት። እጁ እንደ አባቱ ነበር። የላይ ሰፈር ባለመሬቶች ሰሙ። ዘንድሮ በዓሉ ሲደርስ ጎረምሶች ላኩበት። ዳናምም «እኔ ተጠምቄአለሁ፤ ለፖሌራማ አልመታም። ከበሮው ግን ይኸውላችሁ፤ እጅ ያለው ሁሉ ይመታዋል፤ ውሰዱና ምቱት» ብሎ ከበሮውን ዘረጋላቸው። እኛ የፋቅነውን ቆዳ በእጃቸው እንዲነኩ! ልጆቹ እሳት የጎረሱ መስለው ተመለሱ።

የዚያን ዕለት ማታ ለመንኩት። «ዝም ብለህ ምታላቸው፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብህን ነው» አልኩት። «እማዬ፣ እነሱ መች ልቤን አሉ? የፈለጉት እጄን ነው» አለና ሳቀ። አባታችን እንኳ ከመኝታው ሆኖ ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ቤቱ ደጅ ቁጭ ብሎ ሳለ ሦስት ሆነው መጡበት። አንደኛው የራጋቫያ የወንድም ልጅ ነው። ሻይ ሻጩ እንደነገረኝ «ለትምህርት ቤት ሂንዱ፣ ለገና ክርስቲያን! ከበሮ ሲመጣስ ማን ነህ? የሌሊት ወፍ!» አሉት። ዳናምም ቀና ሳይል «አሁን ሻይ የሚጠጣ ሰው ነኝ» አላቸው። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። ሻይ ሻጩ «ያ ሳቅ ባይኖር ምናልባት በስድብ ብቻ ይሄዱ ነበር» ይላል። የአግዳሚውን እግር ነቅለው መቱት።

ሆስፒታሉ ደርሼ ዘበኛውን በሙሉ ስሙ «ዴቫዳናም የሚባል ልጅ የት ነው ያስገባችሁት?» አልኩት። ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ አየና «እንዲህ የሚባል የለም፤ ገና በመንገድ ይሆናል፤ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ «የሱባራው ሰው! የሱባራው እናት አለች?» አለች። ማንም አልተነሣም። ተመልሳ መጥታ ጠራች። ሦስተኛ ጊዜም ጠራች። እኔም ዞር ዞር ብዬ ያቺን እናት ፈለግኋት። ምን ዓይነት ሴት ናት ልጇን እዚህ ጥላ የሄደችው ብዬ አሰብኩ። አዘንኩላትም፣ ፈረድኩባትም። ነርሷ በሩን ዘጋችው።

ካሩና ከትምህርት ቤት እየሮጠች የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ዘበኛው ዝርዝሩን አሳያት። ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ሱባራው እኮ የእኛ ነው» አለችኝ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው የመታወቂያ ወረቀት ላይ ያለው ስም እሱ ነው። ስንገባ አልቆ ነበር። ነርሷ «ነቅቶ ነበር፤ እናቴን ጥሩልኝ አለ፤ ጠራን እኮ» አለች። ደግ ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እጁን ያዝኩት። ገና ትኩስ ነበር።

ፕራካሳም፣ ያን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፍልህ። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበው ይዘኸው የሄድክ ዕለት፣ ርእሰ መምህሩ «ክርስቲያን ብዬ ከጻፍኩ የዝቅተኛ ወገን ወረቀት አይሰጠውም፤ ነጻ ትምህርቱም ይቀርበታል፤ የሂንዱ ስም ንገረኝ» አለህ። አንተም ግድግዳው ላይ የዘይት ነጋዴ የቀን መቁጠሪያ አየህና «ሱባራው» አልክ። ያን ቀን ማታ ስንስቅ ነበር ያመሸነው፤ «ልጃችን የለውዝ ዘይት ሆነ» እያልን። በዚያ ስም አሥራ ሁለት ዓመት ተማረ። ከቤት ግን አንድ ቀን አልጠራነውም። ስሙን ያልለመድኩት እኔ ነኝ። ስትጠመቁ ቆዳ ፋቂነቱ ከውኃው ሥር ይቀራል ብለውን ነበር፤ ከውኃው ሥር የቀረው የመንግሥት ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሁን የቀብሩን ነገር ልንገርህ፤ የተቆጣኸው በእሱ ነውና።

ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ጠበቃ ጎውታም መጣ። ከእኛው ወገን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ነው። እንዲህ አለኝ፦ «እመት ሱቫርታማ፣ የእኛን ወገን ከነሱ ዱላ የሚጠብቅ ሕግ አለ። በእሱ ከተከሰሱ በቀላሉ ዋስ አያገኙም። ግን ሕጉ ዓይኑ አንድ ነው። ሂንዱ ሆነሽ ከተመታሽ ያይሻል፤ ክርስቲያን ሆነሽ ከተመታሽ ቆዳ ፋቂ መሆንሽን ይረሳዋል። የመታሽ ሰው ግን አይረሳውም።» ካህን ከመጣ፣ መስቀል ከተተከለ፣ ሥዕል ከተሰቀለ ፎቶ ያነሡና ለፍርድ ቤት ያቀርቡታል አለ። ክሱ ከዚያ ሕግ ይወጣል፤ ሦስቱም በሳምንቱ በደጃችን ያልፋሉ። የካሩናም ወረቀት አብሮ ይሄዳል፤ የነርስነት ትምህርቷም።

ጠበቃው ያለውን ያመንኩት በራጋቫያ ነው። ሬሳው ቤት በገባ ጊዜ መጣና እንደ ልማዱ መንገዱ ላይ ቆሞ ተጣራ። «አንቺ ሱቫርታማ! ልጅሽ ጥሩ ክርስቲያን ነበር፤ ለፖሌራማ እንኳ አልመታም ያለ ልጅ ነው። ካህናችሁን ጥሩ እንጂ! መስቀል ትከሉለት፤ እንጨቱን እኔ እሰጣለሁ፤ ጥሩ ዋንዛ አለኝ» አለ። ድምፁ የለቅሶ ድምፅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ እንኳ እንዳልነካው ከላይ እያንቆረቆረ ነው የሰጠኝ። ያን ቀን እንጨት ሊሰጠኝ ፈለገ።

አባ ቺናፓ ማታ ልብሰ ክህነታቸውን ሳይለብሱ በሞተር ሳይክል መጡ። «ና ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ቅር ካልሽም አልቀየምም። እግዚአብሔር የመንግሥት መዝገብ አያነብም» አሉኝ። ካሩና ናት የመለሰችላቸው። «አባ፣ ፍርድ ቤቱ ግን የእርስዎን መዝገብ ያነባል» አለቻቸው። አባ ውኃ ጠጥተው ሄዱ።

ስለዚህ ያደረግሁት ይህ ነው። የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳው አወረድኩ፤ በአሮጌ ሳሪዬ ጠቅልዬ ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩት። ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክቱ ቀረ፤ ካሩና የአባታችንን ሸሚዝ ሰቀለችበት። ዳናምን ከቦዩ ማዶ፣ አባቱ አጠገብ ቀበርነው። መስቀል የለም። መዝሙር የለም። ፎቶ የሚያነሡት እንዲያዩት ኔላማ ፊቱን እርድ ቀባችው፤ ግንባሩ ላይም የሂንዱዎቹን ቀይ ነጥብ አደረገችለት። ነጥቡ ተጣመመባትና ጠርጋ እንደገና አደረገችው። እኔ ቆሜ አየሁ። ለፖሌራማ አልመታም ብሎ የሞተ ልጅ በፖሌራማ ምልክት ተቀበረ። ሰሌዳው ላይ «ሱባራው» ተብሎ ተጽፏል።

አንተ በስልክ ውሻ ነው ወይ አልከኝ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ልጄን ሁለተኛ ጊዜ የመታሁት እኔ ነኝ ወይስ ለእሱ የቆምኩለት? አላውቅም። ስሜቱ ሲመጣ ይታወቀኝ ይሆናል፤ እስካሁን አልመጣም። ከቀብር መልስ ኔላማ የሰጠችኝን ሩዝና በተምር ሂንዲ የኮመጠጠ ወጥ ሁለት ሳህን በላሁ። ሰው እያየኝ ነበር። ረሃብም አልነበረብኝ።

ሦስቱ ልጆች አሁን እስር ቤት ናቸው። ዋስ ጠይቀው ተከልክለዋል። የእኔም ሥራ ሌላ መንደር ነው፤ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል፤ ራጋቫያ እርሻው ላይ አያስደርሰኝም። ጠበቃው ክሱ አምስትም ስድስትም ዓመት ይፈጃል ብሏል። እስከዚያ ድረስ እሑድ እሑድ የሙታን ስም ሲነበብ የዳናም ስም አይነበብም። ከላይ ሰፈር የተላከ አንድ ልጅ ከኋላ ቆሞ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርጻል አሉ፤ ሁሉም ያየዋል። እኔም ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤት ውስጥ ለመጸለይ እሞክራለሁ፤ አፌ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ አይወጣም። አንዳንዴ የበርበሬ ከረጢት እየቆጠርኩ ራሴን አገኘዋለሁ።

ካሩና ሰላም ብላሃለች፤ የላክህላት ጫማ ልክ ሆኖላታል። ኔላማ ሰላም ብላሃለች፤ በነጥቡ ነገር እንዳትቀየማት ለምኚልኝ ብላለች፤ እኔም እለምንሃለሁ። አባታችን ሰላም ብሎሃል። ነግረነው ይረሳና በየጠዋቱ «ልጁስ?» ይላል፤ እንደገና እንነግረዋለን፤ እንደ አዲስ ያለቅሳል። እኔን ተክቶ የሚያለቅስ ይመስለኛል። በአንድ ክፍል አብረውህ ያሉትን፣ ያን ወጥ የሚሠራውን ሽማግሌና ጆርጁን ሰላም በልልኝ። ደብዳቤውን ካነበብክላቸው በኋላ ቅደደው።

ወንድሜ፣ እዚያ በቋንቋችን የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አለ ብለኸኝ ነበር። እዚያ ማንም አይቀርጽህም። ለካህኑ ስሙን ጽፈህ ስጥልኝ፤ በደንብ ጻፈው፤ ዴቫዳናም፣ የኮታያና የሱቫርታማ ልጅ፣ ዕድሜው ሃያ አንድ፣ የተጠመቀ። በድምፅ ያንብቡት። አንተም፣ ጆርጁም፣ ሽማግሌውም፣ ይህን የሰማችሁ ሁሉ ስለ ነፍሱ ጸልዩለት። እኔ እስክችል ድረስ እናንተ ጸልዩለት።

እኅትህ ሱቫርታማ

ራቪፓሌም፣ ጉንቱር አውራጃ
እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2016