አሥራ አንድ መኪና በባዶ ግቢ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለዶን ኤሌውቴርዮ ቤሩመን፣ ሳካቴካስ፣ ኼሬስ።

አባዬ፣ ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ብርድ ሲገባ አላራምድ የሚልዎ ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እናቴስ ስኳሯን ትጠብቃለች ወይስ አሁንም እየተደበቀች ጣፋጭ ትቀምሳለች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ናቦርን የብርቱካን ለቀማው ከገባ ወዲህ ወገቡን ያመዋል፤ ግን ባሌን ያውቁታል፣ የሚያማርርበት ካጣ ነው የሚታመመው፤ ስለዚህ አያስቡ።

በስልክ ልነግርዎ ስንት ጊዜ አንስቼ ተውኩት። ይህ ወሬ በወረቀት ደርሶዎት፣ አጣጥፈው ደረት ኪስዎ ካልከተቱት አይሆንም ብዬ ነው። አባዬ፣ ፈቃዱን አገኘሁ። ልጅዎ ኦቲልያ ዋስ ያላት፣ ፈቃድ ያላት መኪና ነጋዴ ሆናለች።

ፖሊስ ይሸጡበት ከነበረው ባሕር ዛፍ ሥር ሦስት መኪናዎችዎን አስጎትቶ የቅጣት ወረቀት ሲሰጥዎ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ሃያ ዓመት መንገድ ዳር መኪና ሲሸጡ አንድም ሰው አታልለው አያውቁም። ማርሿ አልገባ ያላትን መኪና መልሰው ለዚያች መበለት ገንዘቧን የሰጧትም ማንም ሳያስገድድዎ ነው። ፈቃድ ግን አልነበረዎትም። ወደ አገር ቤት የሄዱ ዕለት የፒክአፕዎን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ «ፖሊስ መጣ አልመጣ ብዬ ዞር ዞር እያልኩ መሸጥ በቃኝ። በአደባባይ ቀና ብለን የምንሸጥበት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ እመለሳለሁ» አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ በሆዴ ይዤው ነው የኖርኩት።

ለፈቃዱ ፈተና በምሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ቤት በምሳ ሰዓት አጠናሁና በሁለተኛው አለፍኩ። በመጀመሪያው ወድቄ ለናቦር እንኳ አልተናገርኩም። የከበደኝ ዋሱ ነው። እዚህ አገር ነጋዴ ገዢውን ቢያታልል ለተበደለው ሰው የሚከፍል የዋስ ድርጅት ከኋላው ከሌለ ፈቃድ አይታሰብም። የድርጅቱ ሴትዮ ኑሮዬን ከላይ እስከ ታች ስትመረምር እንደ ገበያ በግ ወገቤን መዳሰስ ነው የቀራት። እርስዎ «ዋሴ ቃሌ ነው» ይሉ የነበረውን ባጫውታት፣ የእነሱ ዋስ ወረቀት መሆኑን ነገረችኝ። የሆነ ሆኖ ዋስ ሆኑልኝ።

የቀረው መኪና የምሸጥበትን ግቢ የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መርማሪ አይተው ማጽደቃቸው ነበር። ከመንገድ የሚነበብ ቦርድ፣ ቢሮ፣ የሚቆለፍ መሳቢያ፣ ሁሉንም አዘጋጀሁ። ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ግን አንድ መኪና እንኳ ለሽያጭ ማቆም ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ ስትሸጥ ተገኘች ከተባልኩ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ጥፋቴ መርማሪዋ የሚመጡበትን ቀን ለአክስቴ ለቾሌ መንገሬ ነው። ለእሳቸው መንገር ለዲኑባ ከተማ ሁሉ ማወጅ መሆኑን እርስዎ ያውቁታል።

ከወር በፊት፣ ምርመራው በዋለበት ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ውስጥ አቀርቅሬ ወረቀት ሳስተካክል ቆይቼ ቀና ብል ግቢው ጢም ብሏል። ዘመድ ሁሉ ከሥራ ቀርቶ መኪናውን አጥቦ፣ ወልውሎ ደርድሮልኛል። አክስቴ በበቆሎ ቅጠል የጠቀለሉትን ታማሌ በድስት ይዘው መሐል ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እንግዳ መጥታ ባዶ ሜዳ ልታይብን ነው? ነውር አይደለም?» አሉኝ። አውጡልኝ ብዬ ሳልጨርስ የመርማሪዋ መኪና በሩ ላይ ቆመ።

ወይዘሮ ሲልቬራ ይባላሉ፤ ዝምተኛ ናቸው። አሥራ አንዱን አንድ በአንድ እያዩ አልፈው መጨረሻዋ ላይ ቆሙ። ሳያት ክው አልኩ። የእርስዎ ፒክአፕ ናት። ኤፍሬን፣ ያ ቀልቃላ የአክስቴ ልጅ፣ ለማሳመር ብሎ ሸራዋን ገፎ መስታወቷ ላይ በነጭ ቀለም ዋጋ ጽፎባታል።

«ይህቺ ለሽያጭ ናት?» አሉኝ።

«ይህቺስ መቼም አትሸጥም» አልኳቸው። «የአባቴ ናት። ያለ ፈቃድ ሸጠዋል ተብለው ተቀጥተው ነው አገራቸው የገቡት። ይህን ፈቃድ የምለምነውም ለእሳቸው ብዬ ነው። ሌሎቹ የዘመዶቼ ናቸው፤ በባዶ ግቢ እንዳላፍር ብለው ነው ያቆሙልኝ።»

የእርስዎን ቅጣት ማንሳቴን ይቅር ይበሉኝ፤ በውሸት መጀመር ስላልፈለግሁ ነው። ወይዘሮዋ የሁሉንም የባለቤትነት ወረቀት አምጡ አሉ። ዘመድ ሁሉ ኪሱንና መሳቢያውን እየበረበረ ተሰለፈ። የእርስዎን እኔ አወጣሁ፤ በየዓመቱ በስምዎ አሳድሰዋለሁ። ስሙን አነበቡና ቀና ብለው ቦርዱን አዩ። ናቦር በትልልቅ ፊደል «ኤሌውቴርዮ ቤሩመንና ልጁ» ብሎ ነው የጻፈው። ወረቀቱንና ቦርዱን ደጋግመው ካዩ በኋላ ወደ ኤፍሬን ዞረው፣ «የጻፍከውን አንተው ጥረገው» አሉት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ፈረሙልኝ። ፈቃዱ እስኪደርስሽ አንድም መኪና እዚህ እንዳይቆም ብለው አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። ታማሌውን ግን ከባለጉዳይ መቀበል አይፈቀድልንም ብለው ስላልቀመሱ አክስቴ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው።

ፈቃዱ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ፤ ትናንት የመጀመሪያዋን መኪና ለአንዲት አስተማሪ ሸጥኩ። ቁልፉን ሳስረክባት የፖሊስ መኪና በመንገዱ አለፈ። አባዬ፣ ዞር አላልኩም። እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት፤ እሱም መለሰልኝ። አስተማሪዋ ከሄደች በኋላ ቢሮ ገብቼ አለቀስኩ።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ራሙሎን፣ ሚስቱን፣ ያችን ተናካሽ አህያችሁንም ሳይቀር ሰላም ይበሉልኝ። ናቦርና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ፤ አክስቴ ቾሌም ሰላም ብለዋል፣ የሰሩትን ግን እንዳትነግሪው ብለውኛል።

ፒክአፕዎ ከቦርዱ ሥር ቆማለች። ባትሪዋን ቀይሬያለሁ። «ዋሴ ቃሌ ነው» ይሉ የነበረውን አልረሳሁም፤ የሚመጡበትን ቀን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኦቲልያ
ዲኑባ፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 9 ቀን 2012