ከሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር እንዲነሣ ስለታዘዘው ብፌ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃችን አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሁለት መስኮት ያለው ቢሮዎም ደኅና መሆናችሁን ተስፋ እያደረግሁ፣ ጤና የሚሰጥ አምላክ በተለይ ወገብዎን እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። ወገብን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ የእኔ የተቀጨው ማድ ቤቴ ውስጥ ድስት ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና የምልበት ቦታ ያጣሁ ዕለት ነው።

እኔ ከደረጃው በስተቀኝ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላበቃ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሰኞ ጽሕፈት ቤትዎ በሬ ላይ ወረቀት ለጥፎልኝ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ወር ስለሆናት፣ ዘግይቶም ቢሆን የማጽናኛ ቃል መስሎኝ መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። ወረቀቱ ግን ኮሪደሩ ላይ የቆመው የእሷ ብፌ እስከ ዓርብ ካልተነሣ በሠራተኞችዎ ተወስዶ እንደሚወገድ የሚገልጽ ነበር። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ።

ጸሐፊዎ ጽሕፈት ቤቱ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ስለነገረችኝ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የማድ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት፣ የሚገባው ሰው ወደ ምድጃው ተጠግቶ፣ ሆዱን ሰብስቦ በሩን ከኋላው ካልዘጋ በቀር ፍሪጁን መክፈት አይችልም። ይህን ያቀደው መሐንዲስ ትዕግሥት ሊያስተምረን አስቦ መሆን አለበትና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። መደርደሪያው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ድስትን በድስት ውስጥ ትከታለች፣ ክዳኖቹን ከበሩ ጀርባ በሚስማር ትሰቅላለች፣ ድንቹን አልጋ ሥር፣ ዱቄቱን ከልብሳችን ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ለጸሎት የምለብሰው ኮት ትከሻው ነጭ ይዞ እየወጣ፣ ጎረቤቶቼ «ጋሼ፣ ዳቦ ቤት ከፈቱ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እሷ ደግሞ «ዝም በላቸው፣ ሽታው አስርቧቸው ነው» ትለኛለች። ያልገባውን ሁሉ ብፌው ተቀበለልን።

2ኛ. ቤቱን ስንረከብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ምድር ቤት ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ እንደሚሰጥ ተነግሮን ነበር። ወረቀትዎ እንደደረሰኝ ወርጄ ጥበቃውን አስከፈትሁት። የእኔ ቁጥር በተጻፈበት ክፍል እግራቸው የተሰበረ የቢሮ ወንበሮችና እስከ ጣሪያው የተቆለሉ ፋይሎች አገኘሁ። ምንድን ናቸው ብዬ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ «የነዋሪ አቤቱታ ነው ጋሼ፤ የእርስዎም ከሥር ሳይኖር አይቀርም» አለኝ። ድስቶቼ ቦታ ቢያጡም አቤቱታዬ ስላገኘ ተጽናናሁ።

3ኛ. ማክሰኞ ዕለት፣ ብፌው ወደ ውስጥ ይግባ ቢባል የሚገባበት እንደሌለ ሠራተኛዎ በዓይኑ እንዲያይ ለመንኩ። እግዜር ይስጠው፣ ሜትሩን ይዞ መጣ። ማድ ቤቱ ሁለታችንን ስለማይችል እኔ ወጣሁ፤ እሱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ለካ። ሲወጣ ፎርሙ ላይ «የነዋሪ ብዛት» ከሚለው ፊት ሁለት የሚለውን ሰርዞ አንድ አደረገና፣ ከሥሩ «ቦታው ከነዋሪው ብዛት አንጻር በቂ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። አስፈረመኝ፤ ፈረምሁ። ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ መሠረት የማድ ቤቴ ጥበት ባለቤቴ በመሞቷ መፍትሔ አግኝቷል ማለት ነው። እሷ በሕይወት ሳለች ይህን ያህል ቀላል መፍትሔ እንዳለ አለማወቃችን ያሳዝናል። ሲነበብልኝ ይከፋኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። እስክሪብቶውን መልሼለት፣ ደረጃው ስለሚያዳልጥ ተጠንቅቆ እንዲወርድ ነገርኩት።

4ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ሌላ የማቀርብበት ቢሮ ስላጣሁ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማድ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ቧንቧ ጠግኛለሁ። የትኛው ቤት ሰፊ፣ የትኛው ጠባብ እንደሆነ በጉልበቴ አውቃለሁ። የገዛ ቤቴን ማድ ቤት ጥበት ግን ያወቅሁት ከቀብር በኋላ ነው። ሁለት ሰው አይችልም ስለተባለ፣ ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ሳሎን ተቀምጬ ቀረሁ። «ምሳ አልደረሰም እንዴ?» እያልሁ የምጣራው ከአራት እርምጃ ርቀት ነበር። ያ ጥበት ለእሷ መከራ፣ ለእኔ ግን ምክንያት ነበር። በጸሎቴ ይህን ሳነሣ፣ መሐንዲሱንና ጽሕፈት ቤቱን ልጨምር እሞክራለሁ፤ ተራው እናንተ ጋ ሳይደርስ ጸሎቱ ያልቃል።

5ኛ. እውነት ለመናገር ትእዛዝዎ ልክ ነው። ብፌው መንገድ ይይዛል፤ እሳት ቢነሣ ሰው ይደናቀፍበታል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ የእኛን ፎቅ ብርጭቆ ሁሉ ችሎ የኖረ ዕቃ እኮ ነው፣ እንፈርምበትና አይነሣም እንበል!» ብላኝ ነበር። እሷም ብፌው ውስጥ ካውያዋን ታስቀምጥ ስለነበር ከልቧ ነው የተቆጣችው። እኔ ግን እምቢ አልሁ።

ስለሆነም ትእዛዝዎ መፈጸሙን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልጄና ባሏ መጡ። ብፌውን ሳሎን ሞከርነው፣ በሩን ያዘ፤ መስኮቱ ሥር ሞከርነው፣ ብርሃኑን ከለከለን። የቀረው መኝታ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ አልጋ አለ። ልጄ «አባዬ፣ ብፌውን እኔ ልውሰደውና አልጋው ይቆይልህ» አለችኝ። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ እሷም ክዳን የምትሰቅለው በሚስማር ነው። ቁልፍ አምጥቼ የአልጋውን ብሎኖች በገዛ እጄ ፈታሁ። ባሏ የአልጋውን ጣውላ በደረጃው ወደ ታች ሲያወርድ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። አሁን በጠባብ ፍራሽ ላይ እተኛለሁ፤ ብፌው ባለቤቴ ትተኛበት በነበረው በኩል ቆሟል። ጠዋት ሳልነሣ እጄን ብዘረጋ የብርጭቆውን መሳቢያ አገኘዋለሁ። ኮሪደሩ ነፃ ነው። ለመፈተሽ ቢመጡ የሚያስተጓጉልዎ ነገር አያገኙም።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ አምላክ ብድርዎን ይክፈልዎ፤ ለሚቀጥለው ሹመትዎም ከዚህ የሰፋ ወንበር ያዘጋጅልዎ እያልሁ፣ ፎርምዎ በቂ ቦታ አለው ያለኝ ታዛዥዎ፣

የሦስተኛው ፎቅ ቧንቧ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኞችዎ ብፌው ከተነሣበት ቦታ ላይ ባለ እግር የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተክለው ሄደዋል። በሜትር ለካሁት፤ ከብፌው በአንድ ስንዝር ወደ መንገዱ ይገፋል። ቀዳዳው ግን ጠባብ በመሆኑ ይህ ደብዳቤ አልገባ ስላለኝ፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።