የቀትሩ ኪኒን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሰዓድ ጠሃ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ወበቅ በጾም አፍ እንዴት ይዞሃል? ሱሃይላስ፣ ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። «በሕይወት» ያልኩት ለአፍ ልማድ አይደለም፤ ስታነበው ይገባሃል። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ኢተፋ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሲነሳ ይዞልህ ይመጣል። አባባ አሁን ደህና ናቸውና ሳትደነግጥ አንብበው። እኔን ግን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። የመግሪብ አዛን ሲል ሁላችንም ተምራችንን ይዘን አባባን እንጠብቃለን፤ ከሳቸው በፊት ማንም እንደማይቀምስ ታውቃለህ። ተምሩን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ አላመጡ፤ አልወርድ አላቸው። ውሃ ቢጎነጩበት ውሃው በአፍንጫቸው ተመለሰ። የዓይናቸው ቆብ ወደቀ፤ አንገታቸው ጭንቅላታቸውን መሸከም አቅቶት ደረታቸው ላይ ዘነበለ። እኔ ተምሬን ጥዬ እየጮህኩ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤት ደርሶልን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ወዲያው ኦክስጅን ተደረገላቸው።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ኪኒኑን ነው፤ ያንኑ አንተ የምትልክላቸውን ፒሪዶስቲግሚን። እኔ ፈጠን ብዬ፣ በታዘዘው መሠረት ጠዋት፣ ቀትር፣ አሥር ሰዓትና ማታ እንደሚወስዱ ነገርኳት። አምና ይህ የጡንቻ መዛል በሽታ ከታወቀ ወዲህ እንደማይጾሙ ተስማምተን የለ? ኢፍጣር ላይ የሚቀመጡትም ለበረካው ነው ብለን ነበር። ሱቃቸው የምልክላቸው ምሳ ዕቃም ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚመለሰው። አባባ ግን መናገር ስላቃታቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለት ጣት አነሱ፤ ትንሽ ቆዩና እንደገና ሁለት ጣት አነሱ። የገባት እማዬ ናት።

«ሁለቱን ሌሊት በሱሁር፣ ሁለቱን ማታ በኢፍጣር ነው የሚውጠው። እየጾመ ነው» አለችና አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኛ አባት ደግሞ በሽታውን ትተው ጾማቸውን ደበቁን። ምሳውን ለካ በየቀኑ ለተሸካሚው ለምልኬሳ ሲሰጡት ከርመዋል። ሐኪሟ እንዳስረዳችን ኪኒኑ ነርቩ የሚያዘውን ወደ ጡንቻው የሚያደርሰው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሲያልቅ መዋጫውም መተንፈሻውም ይዝላል። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ደግሞ ጊዜውን አያስረዝመውም፤ ራሱ ሌላ ጉዳት ነው። እማዬ የኔን ሳንቡሳ ስታማበት የሰነበተችው የሆድ ቁርጠትና የምራቅ ብዛት ከዚያ የመጣ ነው። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ትንፋሻቸው ይቆም ነበር አለችን።

ድምፃቸው መለስ ሲል ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። «ቁጥሩ ያው አራት ነው ብዬ» አሉኝ። የነጋዴ ሂሳብ! በንዴትም በፍቅርም አለቀስኩ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው የጎረቤት ሱቅ ባለቤቱ ጋሽ ሰብስቤም ጾመኛ ነው፤ እሱ አፉን ይዞ እያየሁት እንዴት ውሃ እጠጣለሁ ብለው አፍረዋል። ጋሽ ሰብስቤ ይህን ሲሰማ፣ በኔ ምክንያት ወዳጄ ሊሞት ነበር ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አሁን ቀትር ላይ የራሱን ጾም ሳይፈታ ቤታችን ይመጣና አባባ ኪኒኑን እስኪውጡ ፊታቸው ተቀምጦ ይጠብቃል። የመስጊዳችን ሼህም ላልጾሙት ቀን ሁሉ ድሃ እንዲያበሉ ነግረዋቸዋል። ምልኬሳ ምሳው አልቀረበትም ማለት ነው።

አሁን ከእንግዲህ አልጾምም ብለዋል፤ እኔን ያስፈራኝ ግን እሺታቸው ነው፤ አምናም እሺ ብለውን ነበር። ለይለተል ቀድር ያለችበትን የመጨረሻውን አሥር ቀን ሳልጾም ላሳልፈው ነው እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰምቻቸዋለሁ። ከሁላችንም ይልቅ የሚሰሙት አንተን ነውና እባክህ ደውልላቸው፤ ሳትቆጣ ንገራቸው። ጾሙ በገባ ሳምንት ስትደውል ድምፃቸው በአፍንጫ ሆኖብህ «ኔትዎርኩ አስቸገረ» ብለህ እየሳቅህ ዘጋህ። እኛም ጉንፋን ነው ብለን ማር አጠጣናቸው። ሰዓዴ፣ ያኔ አባባ እየሄዱብን ነበር።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች። ፈውዚያ ሰላም ብላሃለች፤ ፈተናዋን አልፋለች። ጋሽ ሰብስቤም ሰላም ብሎሃል፤ ሰላምታዬን አስቀድሚልኝ ብሎኝ እዚህ መጨረሻ ላይ በመጻፌ ይቅር ይበለኝ። ለሱሃይላ፣ ለልጆቹም አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባም ዛሬ በራሳቸው አፍ ሰላም ብለውሃል። ከእንግዲህ ስትደውል ድምፃቸው በአፍንጫ ከመጣብህ ኔትዎርኩን አትማው፤ የቀትሩን ኪኒን ጠይቃቸው።

እህትህ ከሪማ ጠሃ
አዳማ፣ መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.