ኩራዝ ይዘው «ብርሃን የለም» ለሚሉ

የሻዬ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ይህን የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ነው። የተቆጣሁት በአንቺ አይደለም። ከተለየሽኝ ዓመት አልፎታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሊያጽናናኝ የተናገረውን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። በሙት ዓመትሽ ቀን ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን ግን መዋጥ አቃተኝ። ታውቂኛለሽ፤ የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ ትቼ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም።

ቤቱ ደህና ነው። ስመኝ መንገዱ ሲከፈትላት ከዱርቤቴ ትመጣለች፤ ሲዘጋባት በስልክ ትቆጣጠረኛለች። «ምን በሉ? መድኃኒትዎን ዋጡ ወይ?» ስትለኝ ቁርጥ አንቺን ናት፤ ልጅሽ ባትሆን እዘጋባት ነበር። በምሥራቅ በኩል መስኮቱን የጋረደውን ባሕር ዛፍ አስቆረጥነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አልጋው ድረስ ትገባለች፤ ልክ እንደ ፈለግሽው። የፈለገቻት ሴት ከሄደች በኋላ ፀሐይዋ መምጣቷ ራሱ ያናድደኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይበልጣልን ታስታውሽዋለሽ፤ ፊዚክስ ያስተማርሁት፣ እኛ ቤት እየበላ ያደገው። አሁን እሱም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኗል። ለአንቺ ብሎ ከሩቅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ሊያጽናናኝ ጀመረ። «መምህር፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን? ማየት ማወቅ የሚባለው የአንጎል ሥራ ነው፤ አንጎል ሲቆም ይቆማል። ዓለም ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። ሰው አየው አላየው ጉዳዩ አይደለም፤ ዓላማም ትርጉምም የለው። ይህን የተቀበለ ሰው ሐዘኑ ይቀልለታል።»

ከሽንዲ የመጣው ወንድምሽ አያሌው ይህን ሲሰማ ተነሣበት። «ኧረ ተው አንተ ልጅ! ሁሉም ለበጎ ነው። እግዜር የወሰዳት ለራሱ ዓላማ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ማዘን ማጉረምረም ነው።»

ሁለቱ በሌላው ሁሉ ተጣልተው በአንድ ነገር ግን ተስማሙ፤ እኔ ዝም ማለት አለብኝ። አንዱ ትርጉም ስለሌለ፣ ሌላው ትርጉሙ ተሠርቶ ስላለቀ።

አያሌውን «ዓላማውን ነግሮህ ከሆነ ለእኔም አካፍለኝ፤ ካልነገረህ አትተርጉምለት» አልሁት። ከፈጣሪ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ስሙን አንሥተው አፍ ከሚያስይዙት ጋር ነው።

ወደ ይበልጣል ዞርሁ። «የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው ኩራዝ አብርቶ ጨለማ ቤት ገባ። ማድጋውን፣ መደቡን፣ ሞሰቡን፣ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወጥቶ ‹ያለውን ዕቃ ሁሉ ፈትሻለሁ፤ እዚህ ቤት ብርሃን የሚባል ነገር የለም› ቢልህ፣ ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ዜሮ» አለ እየሳቀ።

«እንግዲያው ተቀበል፤ ዜሮው ያንተ ነው። ትርጉም ፍለጋ ዓለምን ስትፈትሽ በእጅህ የያዝኸውን ኩራዝ ረሳኸው።»

ድንኳኑ ሳቀ። አንቺም ብትኖሪ ትስቂ ነበር። ይበልጣል ግን ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ አሁንም ነው። ጥቂት አሰበና በቀስታ፣ «እሺ መምህር፣ ተሸነፍሁ። ግን ኩራዙ ሲጠፋ ቤቱ እዚያው ነው» አለኝ።

የሻዬ፣ መልስ አጣሁ። ያስቆጣኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አእምሮዬ የሚመላለሰው ከቡሬ ስንመለስ በነበረው በዚያ ጥቅምት ላይ ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንቺ ድንገት «ወራጅ አለ!» ብለሽ ጮኽሽ። ረዳቱ በመስኮት ግራ ቀኝ ቢያይ ቤት የለ፣ ሰው የለ። «እትዬ፣ እዚህ ማን አለዎትና ነው?»

«ኑጉን አታየውም እንዴ? እንዲህ አጊጦ ቆሞ ሰላም ሳንለው እንለፍ?»

ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ ለባቄላውም የሚወርዱ ከሆነ ፍኖተ ሰላም ዛሬ አንገባም!» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ሹፌሩ ግን መኪናውን አቆመ። ያ ሁሉ ገበያ ያደከመው ሰው አንገቱን አዙሮ ዳገቱን የሸፈነውን ቢጫ አየና አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ወርደን ሌላ መኪና ስንጠብቅ፣ እንደ ልማዴ አበባው የሚያብበው ለእኛ ሳይሆን ለንብ መሆኑን አስረዳሁሽ። «ንቧስ አይታው አይደል የመጣችው? እኔም አየሁት፣ ንቧም አየችው። የቀረኸው አንተ ነህ» አልሽኝ።

ኑጉ ዘንድሮም አብቧል፤ ቤቱ እዚያው ነው። ያ ጸጥታ ግን በኑጉ ውስጥ አልነበረም። በአፈሩም፣ በፀሐዩም ውስጥ አልነበረም። አንቺ ስትጮሂ ነው የመጣው። ከአንቺ በፊት ያ ዳገት የቅባት እህል ማሳ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት የሚታይ ነገር ሆነ። ዓለም ዓላማ አለው ብዬ መሐላ አልገባም፤ ማረጋገጫ የለኝም። አንቺ ባየሽበት በኩል ግን ትርጉም እንደነበረው ዐይቻለሁ። ታዲያ ይህ ዓለም ስንት ዘመን ደክሞ ራሱን የሚያይበት ዐይን ካበቀለ በኋላ ያንኑ ዐይን እንዲህ በዋዛ ይዘጋዋል? የተማሪዬ ሥራ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት «እንደገና ሥራ» ብዬ እመልስለት ነበር።

አሁን ያን ቀን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ረዳቱ ረስቶታል፤ ተሳፋሪውም በየቤቱ ተበትኗል። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። ሰሞኑን ያን ቀን ለብሰሽው የነበረውን ነጠላ ሳስብ የጥለቱ ቀለም ጠፋብኝ። አረንጓዴ ነበር? ሰማያዊ? ሣጥኑን ከፍቼ ፈለግሁ፤ ስመኝ ልብሱን ለዘመድ አከፋፍላዋለች። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አያሌውም ይበልጣልም በአጠገቤ ስላልነበሩ ማንም አልከለከለኝም።

አእምሮዬ እስካልከዳኝ ድረስ አስታውስሻለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በእኔ አቅም አይደለም። ስለዚህ የምጠይቅሽ ጥያቄ አንድ ነው፤ አጭር መልስ ይበቃዋል። ያየሽው ነገር አሁንም ካንቺ ጋር ካለ፣ የነጠላሽን ጥለት ቀለም ታውቂዋለሽ። በሕልምም ይሁን ባሻሽ መንገድ ንገሪኝ፤ ለይበልጣል የምመልሰው እሱን ነው። ነገ ዛሬ አትበዪ፤ የቀረኝ ጊዜ ብዙ አይደለም። ቶሎ መልሺልኝ።