የመልአኩ ልብስ ቀለም ምን ነበር?

አባዬ፣ የኔ ግትር፤

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጄብሃለሁና ሰላምታው ይቆየን።

ደባርቅ ያው ናት፤ ብርዷም አልቀነሰም። ፎቶ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ። ያ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃህ ስለተቀደደ አወረድኩት፤ እንዳትቆጣ። እማዬ ደህና ናት። ጋቢህን ለማንም አልሰጥም ብላ ራሷ ትለብሰዋለች።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ዳባት አጠገብ ያለችው የእናትህ ደብር አምና ክረምት ጣሪያዋ አፍስሶ፣ በሴቶች በኩል ያለው የመቅደሱ ግድግዳ ከነሥዕሉ ተናደ። ሥዕሉ ተስሎበት ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ በስብሶ ሲያነሱት እጃቸው ላይ አለቀ። አሁን ግድግዳው ተሠርቶ ከጎንደር ሠዓሊ መጥቷል። የደብሩ ቄስ ግን እንደ ድሮው ካልሆነ አይሆንም ብለው እኔ ዘንድ መጡ። አባትሽ ሁሉንም አንስቶት የለ፣ አምጪልን አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩላቸው። ሁሉም ጥቁርና ነጭ!

ምን ነካህ አባዬ? ስንት ዘመን በፊልም ስትሠራ፣ ብርሃን በሌለበት ያነሳኸው ሁሉ አሸዋ የተነሰነሰበት እየመሰለ ስትማረር ኖርክ። ዲጂታል መጣ፤ የመጀመሪያዋ ካሜራችን ሴንሰሯ፣ ያ ብርሃን የሚቀበለው ዓይኗ፣ የጥፍር ያህል ስለነበር ከፊልሙም ባሰች። በመጨረሻ ያንን ሴንሰሩ ትልቅ የሆነውን፣ በጧፍ ብርሃን እንኳ አጥርቶ የሚያየውን ገዛህ። ገዝተህስ? ፊልም አስመስሎ የሚያነሳበትን ሴቲንግ አገኘህና ጥቁርና ነጩ ላይ አድርገህ አልነካም አልክ። አሸዋውንም ራስህ መልሰህ ጨመርክበት! ያልተነካውን ምስል ከነቀለሙ አብሮ ያስቀምጥ ብልህ፣ ሜሞሪ ይበላል ብለህ አጠፋኸው። ቀለም ዓይን ያታልላል ትል ነበር። ይህን ለሠዓሊው ልንገረው?

የቅዱሳኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል፤ አንስተህስ አንስተሃል። ግን ቀይ የቱ ነው፣ አረንጓዴ የቱ ነው?

የደብሯን ሥዕሎች ያነሳህ ቀን እኔም አሮጌዋን ካሜራ ይዤ አብሬህ ነበርኩ። እሷ ጨለማ ውስጥ አታይም፣ ባትሪ አትጨርሺ ብለህ ሳቅክብኝ። እልህ ይዞኝ ግድግዳውን ሁሉ አነሳሁት። ሜሞሪዋን ከመሳቢያ ፈልጌ አወጣሁት። ፎቶዎቹ ብዥ ያሉ ናቸው፤ ቀለሙ ግን አለ። ያንተን ጥርት ያለ ሥዕል ከታች፣ የኔን ቀለም ከላይ አድርጌ በኮምፒውተር አነባበርኳቸው። የእመቤታችን ሰማያዊ መጣ። የሕፃኑ ልብስ፣ የፈረሱ ኮርቻ፣ ሁሉም መጣ። ቄሱ ሲያዩት አለቀሱ፤ ሠዓሊውም ሥራውን ጀመረ።

አንድ ብቻ ቀረ። በሩ አጠገብ ሰይፍ መዝዞ የቆመው መልአክ። በኔ ፎቶ ላይ እሱ የለም፤ አንተ ነህ ያለኸው። ጫማህን አውልቀህ፣ ካልሲህ ተረከዙ ላይ ተቀዶ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግተህ ታነጣጥራለህ። ከትከሻህ በላይ የክንፉ ጫፍ ብቻ ይታያል። ዞር በልልኝ ብዬህ ነበር። ሥራ ላይ ሆነህ መቼ ሰው ትሰማለህ!

ሠዓሊው በየቀኑ ይደውላል። ዲያቆኑ ቀይ ነበር ይላል፤ እናቶች አረንጓዴ ነበር ብለው ይምላሉ። ቄሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊቱ ቆመው ጸልየው አያስታውሱም። ንግሡ ደርሷል፤ ሌላው ሁሉ አልቆ መልአኩ ብቻ ልብሱን ሳይለብስ ቆሟል።

ትናንት ያንን ፎቶ እያየሁ፣ እባክህ ትንሽ ዞር በል፣ ትንሽ ብቻ፣ ብዬ ጮኽኩብህ። እማዬ ድምፄን ሰምታ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። ፎቶውን አይታው አታውቅም። የጋቢህን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችህ። ከዚያ ካልሲህን በጣቷ ነካችና፣ ይሄን ልስፋልህ ስለው እምቢ ብሎኝ ነው የሄደው አለች።

ለሠዓሊው ደውዬ ቀለሙን እንደማላውቅ ነገርኩት። ከቄሱ ጋር ተማክረው የወደዱትን ይቀቡት። እኔ ንግሥ በመጣ ቁጥር በሴቶች በኩል ገብቼ እዚያ መልአክ ፊት እቆማለሁ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል፤ እኔ ከፊቱ የቆምከውን አንተን። ንዴቴ አልበረደም። ዞር በል ያልኩህን ግን እርሳው አባዬ። እዚያው ቁም።

ልጅህ