አለነን «እጅግ ብቁ» ያለው ብስክሌት

ለተከበሩ የቆላ ሠራተኞች የአካል ብቃት ምዘና ፕሮጀክት ኃላፊ
መተማ

ክቡር ሆይ፣ የመተማ ፀሐይ የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ሳትደፍር፣ ጤናዎም እንደ ሪፖርትዎ አምሮ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ ምስራቅ ነኝ፤ አምና ኮኪት ላይ ከብስክሌትዎ አጠገብ ቆሜ የሠራተኛ የልብ ምት ስቆጥር የከረምሁት ነርስ።

አስቀድሜ ስለ ብስክሌቱ አመሰግናለሁ። ሰው እስኪዝል ሳይለፋ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ በመጠኑ ፔዳል ረግጦ፣ ከልብ ምቱና ከዕድሜው ተሰልቶ ሙሉ አቅሙ እንደሚገመት በሁለት ቀን ሥልጠና አስተምረውናል። በስልቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች ግን፣ እርስዎ ቁጥር ስለሚወዱ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርድ ሰው የተወለደበትን ዓመት በወረቀት ይዞ አይመጣም። ከጎጃም የመጣው አለነ ጢሙን ሽበት ወርሶታል። ዕድሜውን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሠላሳ በይልኝ እቴ፤ አርጅቷል ካሉ አይወስዱኝም» አለኝ። ከሃምሳ እንደማያንስ ለባልደረባዎ ብነግራቸው፣ ፎርሙ የሚሞላው ሰውዬው በተናገረው እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔም ሠላሳ ብዬ ጻፍሁ። ስሌቱም የወጣት ልብ ሰጠውና «እጅግ ብቁ» የሚል ካርድ ወጣለት።

2ኛ. የተለካው ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ ነው፤ ያጨደው ግን አንድ ዛፍ በሌለበት ማሳ። የእርሻው ካቦ ካርዱን አይቶ፣ እጅግ ብቁ ለተባለ ሰው የቀትር ዕረፍት ምን ያደርግለታል ብሎ ጥላውን ለሌሎች ሰጠ። ካርድዎ ጥላ ስለቆጠበልን ምስጋና ይገባዎታል።

3ኛ. በሦስተኛው ቀን በትራክተር ተሳቢ ጭነው አመጡልኝ። ገላው ይፋጃል። ራሱን ስቶ እግሮቹ ግን ተራ በተራ ይረግጡ ነበር፣ ልክ ብስክሌቱ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ የእርግጫውን ፍጥነት የሚመራውን ምት ጠባቂ መሣሪያ እየሰማ እንደረገጠው። እጁን ይዤ መቁጠር ጀመርሁ። ቆጥሬ አልጨረስሁም።

ከዚያ ወዲህ የማንንም እጅ ብይዝ ከጣቶቼ ሥር የሚመታው የአለነ ነው፤ የሕፃን እጅ እንኳ ቢሆን። ብስክሌቱ ተሸፍኖ በተቀመጠበት ክፍል በር በጠራራ ፀሐይ ሳልፍ ያ ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል። የምት ጠባቂውን ባትሪ አውጥቻለሁ፤ አልተወኝም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ።

አጨዳው ሊደርስ ነው፤ ሰዉም እየወረደ ነው። የምለምንዎ ይህንኑ ነው፦ ዕድሜው በቃሉ ብቻ ለተሞላ ሰው ካርድ አይስጡ፣ ማራገቢያ ሥር የተለካውንም ለፀሐይ ይበቃል አይበሉ። በሪፖርትዎ ውስጥ አለነ አሁንም ከብቁዎቹ ተርታ ተቆጥሯል። ይሰርዙትና በቦታው ሠላሳ ብላ የጻፈችው ምስራቅ ናት ብለው ያስፍሩልኝ። አልክድም።

ለከበረ ጊዜዎ እጅ እየነሣሁ፣
ሁለት ጣቶቿ የራሷ መሆን ያቆሙ አገልጋይዎ፣
ምስራቅ
ኮኪት

ማስታወሻ፦ ለዘንድሮው ምዘና የሚጠሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ትናንት ከቢሮዎ ደረሰኝ። አለነ አራተኛ ላይ ተጽፏል፤ ዕድሜ ሠላሳ አንድ። ከተቀበረ በኋላ አንድ ዓመት የጨመረለት የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነውና እግዜር ይስጥልን።