ስክሪኑን ስንት ሰው ነው የሚያየው?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለ እሱ ስለማይጀመር ነው፤ ደስ እንዳይልህ። በስልክ እንዳልነግርህ ገና «ሄሎ» ስል ትዘጋብኛለህ። ፊት ለፊት እንዳልነግርህ ደግሞ አንተ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ እኔን እንባ ይቀድመኛል፤ አንተ ደግሞ ያለቀሰ ሰው ሁሉ የተረታ ይመስልሃል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሪሞቱ ልጀምር። ያንን ባለስክሪን ሪሞት ከመግዛታችን በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ የምንፈትሽበትን ድሮን ያበረርከው ስልክህን አሮጌው ሪሞት ላይ ሰክተህ ነበር። ፀሐይ ስትበረታ የስልኩ ስክሪን መስታወት ይሆንና የምታየው የራስህን አፍንጫ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያልኩ ስቀልድብህ ትስቅ ነበር። ያኔ ትስቅ ነበር። እኔ ያችን ሰማያዊ ጃንጥላ ከራስህ በላይ ዘርግቼ ክንዴ እስኪዝል እቆማለሁ፤ አንተ ታበራለህ፤ እኔ በትከሻህ በኩል አንገቴን አስግጌ የሰውን ጣሪያ አያለሁ። «ተመለስ፣ እዚያ ጋ ቆርቆሮው ተነሥቷል» ስልህ ትመለሳለህ። «ዝቅ በል» ስልህ ዝቅ ትላለህ። ደንበኞቻችን «ጃንጥላ ያዧ» ይሉኝ ነበር። አልከፋኝም፤ ምን እንደምሠራ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነዋ!

ጣሪያ ማንበብ ያስተማረኝ አባባ ነው። እሱ ጣሪያ ሲሠራ መሰላሉን ተከትዬ የምወጣው እኔ ነበርኩ፤ አንተማ ከሦስተኛው መርገጫ በላይ ጉልበትህ ይብረከረክ ነበር። ይህን እንደ ስድብ አትውሰደው። እሺ፣ ውሰደው። «ቆርቆሮውን አትዪ፣ ቆርቆሮ ይዋሻል» ይለኝ ነበር አባባ። «የሚስማሩን መስመር እዪ። መስመሩ ከጎበጠ ከሥሩ ያለው እንጨት አልቋል።» አንተም ከታች ሆነህ ሚስማር ስታቀብል ሰምተኸዋል። በአንዱ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ባለስክሪን ሪሞት እንግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። አንተ «ስልኬ ምን ሆነ?» እያልክ ስታደርቀኝ ከረምክና፣ አንድ ቀን እማዬ ሽንኩርት ይዘህ እንድትገባ ልትነግርህ በበረራው መሐል ደወለች። ጥሪው ስክሪኑን ሸፈነው፤ ድሮኑም ከጎረቤት አንቴና ጋር ተላትሞ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አፍህን ያዝክ። እኔም ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ አጠናሁልህ፦ የትኛው ስክሪን በጠራራ ፀሐይ እንደሚታይ፣ የትኛው ባትሪ ግማሽ ቀን እንደሚቆይ፣ የትኛው ሪሞት ከእኛ ድሮን ጋር እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ። ደብተሩ አሁንም አለ።

ሱቁ ስንሄድ ሻጩ ሁለት ሪሞት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልን። ሁለቱም ከድሮናችን ጋር ይሠራሉ፣ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ይታያሉ። ትንሹ ቀላል ነው፣ በሁለት መዳፍ መሐል ይገባል። ትልቁ ይከብዳል፣ በማሰሪያ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ በጎኑም ሌላ ስክሪን የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሥራ ላይ ስክሪኑን ስንት ሰው ነው የሚያየው?»

አፌን ስከፍት ቀደምከኝ።

«አንድ» አልከው።

በቀጥታ ከሥራ ነበር የመጣነው፤ ጃንጥላዋ በእጄ ነበረች። ሻጩ እኔን አየ፣ ጃንጥላዋን አየ፣ አንተን አየ። «እርግጠኛ ነህ ወንድሜ?» ሲልህ «አንድ አልኩህ እኮ፣ ትንሹን ጠቅልልልኝ» አልከው። የማያውቀኝ ሰው አፈረልኝ። እኔ ግን «ትልቁ ከብዶት ነው» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፤ ዕቃውንም ተሸክሜልህ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት «እህት ዓለም፣ ከእንግዲህ ጥላ አያስፈልገኝም፤ አንቺም ቤት አረፍ በይ» ስትለኝ ነው የገባኝ። የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። አጥንቼ፣ ተሟግቼ፣ መርጬ የራሴን ማባረሪያ አስገዛሁህ።

«ወንድምሽ ነው፣ ቻይው» አለችኝ እማዬ። ሰባት ወር ቻልኩት። በልቤ ግን አልቻልኩህም፤ ጠላሁህ። የድሮን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ይውደቅበት ብዬ ተመኝቻለሁ። ይህንንም እወቀው።

ባለፈው ማክሰኞ የቆዩ ደንበኛችን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር፣ ደወሉልኝ። ያለፈው ወር ጣሪያቸውን አይተህ «ደህና ነው፤ ቀለም ቢቀባ ይመረጣል» ብለህ ፈርመህላቸዋል። «ልጄ፣ ወንድምሽ ብደውል ብደውል አያነሣም። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነገር እየሰፋ ነው። እስቲ አንቺ ብታዪው ብዬ ነው» አሉኝ። ሄድኩ። አንተ የሰጠሃቸውን ቪዲዮ ቢሯቸው ውስጥ በትልቁ ኮምፒውተር ከፈቱልኝ። ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከጫፍ አራተኛው የሚስማር መስመር እንደ ረገበ የልብስ ገመድ መሐሉ ላይ ወርዷል። ድሮንህ በላዩ ሁለት ጊዜ አልፏል፤ ሁለት ጊዜ! በዚያች ትንሽ ስክሪንህ ላይ መስመሩ ከፀጉር አይወፍርም፤ አልታየህም። ቢታይህም ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የሚያውቀውን ሰው ቤት አስቀምጠኸዋል።

ሰዓቱ የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። «መጀመሪያ ልጆቹን እናውጣ» አልኳቸው። ሃያ ስድስት ናቸው። እያቀፍን ወደ ሌላው ክፍል አዞርናቸው፤ ግማሾቹ አልነቁም። አንዱ አንገቴን አንቆ አልለቅም ብሎኝ ነበር። ከዚያ መሰላል አስመጥቼ በግድግዳው በኩል ወጣሁ። አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ሚስማር በሁለት ጣቴ ብስበው ወጣ። መዶሻ አልነካሁም፤ በጣቴ ነው። የቆርቆሮውን ጫፍ ቀና አድርጌ ከሥሩ ያለውን እንጨት ብጫነው አውራ ጣቴ ዳቦ የወጋ ያህል ሰርጎ ገባ። ወርጄ ወደ ክፍሉ ስመለስ ልክ ከዚያ ቦታ ሥር ያለው ፍራሽ ላይ የአንድ ሕፃን ካልሲ ቀርቷል። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ዳይሬክተሯ ሪፖርትህን በእጃቸው ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህን ጣሪያ ስንት ሰው ነው ያየው?»

ልሸፍንልህ እችል ነበር። እማዬን አሰብኩ፣ የአባባን ስም አሰብኩ። ከዚያ ካልሲዋን አየሁ።

«አንድ» አልኳቸው።

አዲሱን ሪፖርት ጽፌ በራሴ ስም ፈርሜያለሁ፤ ያንተውም ከሥሩ ተያይዟል። በእነዚህ ሰባት ወራት ብቻህን ያየሃቸውን ጣሪያዎች ቪዲዮ በሙሉ እስከ ዓርብ በእማዬ በኩል ላክልኝ። ለእርቅ አይደለም፤ እርቅ ካማረህ ሌላ እህት ፈልግ። ካልላክህ የደንበኞችህን በር አንድ በአንድ አንኳኩቼ ራሴ እወጣለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ መሰላል አልፈራም።

ጃንጥላዬ መኪናህ ኋላ ቀርታለች። እሷንም ላክልኝ፤ ጣሪያ ላይ ፀሐዩ አይቻልም።

ከቁጥር ያጎደልካት
እህትህ